መላሽ ካለ ቁም

ጂንካ፣ ጥቅምት 2 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለያቤጽ፣

ይህን ብቻህን ሆነህ አንብበው፤ ካነበብከው በኋላ እሳት ውስጥ ክተተው። በሕይወቴ የጻፍኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ ነው። የማታ ትምህርት ስጀምር «የመጀመሪያውን ደብዳቤ ለትልቅ ባለሥልጣን ነው የምጽፈው» እያልኩ ስፎክር ነበር። ለአንተ ሆነ፤ ያውም እንዲህ ያለ።

አንጁሎ የለም። የሚስትህ ወንድም፣ የእኔ የመንገድ ጓደኛ። ከወይጦ ገበያ ማንጎ ጭነን ብስክሌቶቻችንን ዳገቱን እየገፋን ስንወጣ፣ ከቀይ አፈር ከተማ በታች ያለው መታጠፊያ ላይ መብራት ያላበራ ባለተሳቢ መኪና ቁልቁል መጥቶ ወሰደው። እኔ ጎማዬ ተንፍሶብኝ ወደ ኋላ ቀርቼ ነበር። መኪናው አልቆመም። ቀብረነዋል።

መርዶ በወረቀት መላክ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። እንዳልደውል ደግሞ ስልክህን የምታነሣው ዮዲት ናት። እናቷ እማማ አረጋሽ «ልጄ ነፍሰ ጡር ናት፤ በሰላም ሳትገላገል ይህን የነገራት ሰው ቤቴን አይርገጥ» ብላ ሁላችንንም አስምላናለች። ከአራስ ቤት ስትወጣ ሽማግሌዎች ሐዋሳ ድረስ መጥተው እንደ ወጉ በማለዳ ያረዷታል። እስከዚያ አንጁሎ ሃና የምትባል ሩቅ ከተማ ለሥራ ሄዷል፤ ሃና ደግሞ ኔትወርክ የለም። የተስማማነው እንደዚህ ነው። አንተም እንደዚሁ በል።

ሌላው ነገር፣ ብስክሌተኞች ተሰብስበን የመንገድ ደንብ እንዲወጣልን ለክልሉ ምክር ቤት እናመልክት ብለናል። በዚያ አዳራሽ የምናውቀው ሰው ማን ነው ሲባል፣ ሻይ የምታቀርበው ዮዲት ብቻ ሆነች። ስለዚህ ለእሷም መጻፌ አይቀርም። እጄ እንዳያጋልጠኝ ጸልይልኝ።

ኤርሳዶ


ጂንካ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዮዲት፣

ሰላምታዬን ብስክሌቴ ኋላ ጭኜ፣ በካላማዳሪያ ጎማ ሁለት ዙር ጠፍሬ ልኬልሻለሁ። መንገድ ላይ ከተንጠባጠበ ተጠያቂው የአውቶቡሱ ሾፌር ዮሲ ነው፤ ደብዳቤያችንን የሚያመላልሰው እሱ ነው።

አዎ፣ የምጽፈው ራሴ ነኝ። «ኤርሳዶ ደብዳቤ ሊጽፍልሽ ነው» ሲሉሽ «ማን ሊጽፍለት» ማለትሽን ሰምቼ ትንሽ ተቀየምኩ። የማታ ትምህርቱን ከክፍሌ አንደኛ ወጥቼ ነው የጨረስኩት። ሁለተኛው ሰውዬ ላሙ ጠፍታበት ሳይፈተን መቅረቱ እውነት ነው፤ ላሟን ግን እኔ አልደበቅኳትም። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ገርቻቸዋለሁ። ከ«ጰ» ጋር ብቻ አልተስማማንም። ጴጥሮስ የሚባል ዘመድ ስለሌለኝ ትቼዋለሁ፤ አሁን እንኳ ስጽፈው ላብ አጠመቀኝ። መምህርት ሰብለ «አንተ ስትጽፍ ስታወራ ነው የሚሰማኝ፤ እስቲ መሐል መሐል ላይ ዝም በል» ትለኛለች። እሞክራለሁ።

ስልክ ለምን አታነሣም ላልሽኝ፣ ስልክ ላልተማረ ሰው ነው። ደግሞ ስልክ ድምፅ አለው፤ ሰው ከድምፅ ብዙ ነገር ይሰማል። ወረቀት ይሻላል።

አንጁሎ ሃና ነው። ሥራ ተገኘ ተባለና በድንገት ሄደ። ሳይነግረኝ ብለሽ አትቆጪ፤ እኛንም አልተሰናበተንም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የብስክሌተኞች ማኅበር አቋቁመናል። ሊቀመንበሩ እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን ይሆናል ብለሽ ነው። አስፋልቱ ከመጣ ወዲህ መኪናው እንደ ጥይት ሆኗል። እኛ ዳር ዳሩን እንሄዳለን፤ ዳሩንም ይወስዱብናል። ሕጉ ስለ ብስክሌት ምን ይላል ብዬ ቢሮ ለቢሮ ዞርኩ። አንዱ ጋ ሄጄ ስጠይቅ ብስክሌት ዕቃ ናት አለኝ። ሌላው «ሞተር የላትም፤ ተሽከርካሪ አትባልም» አለኝ። እግሬን አንሥቼ «ሞተሩ ይኸው፤ ቤንዚኑ በቆሎ ነው» አልኩት። አልሳቀም። የተማረ ሰው ለካ ቶሎ አይስቅም፤ እኔም ከዚህ ወዲያ መቀነስ አለብኝ።

ከወይጦ ዳገት የምንወጣበትን ደንብ ልጅ ሆነሽ ታውቂዋለሽ፤ ለተወካያችን ለአቶ ፈለቀ ግን አንቺው አስረጂልኝ። መታጠፊያው ላይ ማዶውን የሚያይ ዓይን የለም። ስለዚህ ወራጁ ሳይታጠፍ ሁለት ጊዜ ደወሉን ይመታል። ከታች የሚወጣ ሰው ካለ ሁለት ጊዜ ይመልሳል። መላሽ ካለ ቁም፤ ሰውዬው እስኪደርስ ጠብቅ፤ ሰላም ተባባልና ውረድ። አለቀ። እኛ የምንለምነው መኪናውም እንደ እኛ ድምፅ ሰጥቶ እንዲታጠፍና የመንገዱን ዳር እንዲተውልን ነው። ማመልከቻውን አያይዣለሁ። ጽሕፈቱ ወደ ላይ የሚወጣው መንገዳችን ዳገት ስለሆነ ነው በይው።

ሆድሽን ጠብቂ። ከባድ ነገር አታንሺ።

ወንድምሽ ኤርሳዶ፣ ሊቀመንበር


ሐዋሳ፣ ጥቅምት 29 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለጋሼ ኤርሳዶ፣

እንኳን ፊደል ቆጠርክ። ደብዳቤህን ሳነብ ያቤጽ ሳቄን ሰምቶ ከጓዳ ወጣና ምን እንዳሳቀኝ ሳይጠይቀኝ ተመልሶ ገባ። ሰሞኑን እንዲህ ሆኗል፤ እኔ ስስቅ አጠገቤ አይቆምም። የሥራ ድካም ይሆናል።

ማመልከቻህን ለአቶ ፈለቀ ሻይ ሳቀርብለት አብሬ ሰጠሁት። ስለ ቤንዚኑ ያልከውን ስነግረው ስኳሩን ረስቶ ሳቀ። ከዚያ ሁለት ነገር ጠየቀኝ። አንደኛው «ስንት ድምፅ ከኋላችሁ አለ» የሚል ነው። ሁለተኛው እዚያ መታጠፊያ ላይ አደጋ የደረሰባቸው ሰዎች ስም ነው። ስም የሌለው ጉዳይ አዳራሽ አይገባም ይላል። ስሞቹን ላክልኝ፤ እኔው ራሴ አነብለታለሁ።

ስለ አንጁሎ የጻፍከው አጭር ነው። አንተ ስለ አንድ ፊደል ይህን ያህል ተጨንቀህ ጽፈህ፣ ስለ ወንድሜ የጻፍከው ዓረፍተ ነገር ግን ከጣት አይበልጥም። ታሞ ከሆነ ንገረኝ። ከገበያ ሲመለስ ሳይደውልልኝ የተኛበት ቀን የለም። እማማንም ስጠይቃት ስለ ዝናብ ታወራኛለች።

እህትህ ዮዲት


ጂንካ፣ ኅዳር 9 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዮዲት፣

እማማ ስለ ዝናብ የምታወራው ዝናቡ ስለጠፋ ነው። እኔንም ጻፍ ካልሽኝ ስለ ዝናብ ሦስት ገጽ እጽፋለሁ።

አንጁሎ አልታመመም። የሚያመው ነገር የለም። ይህን በእውነት እምልልሻለሁ።

ለአቶ ፈለቀ ጥያቄ መልሴ ይኸውልሽ። ድምፅን በተመለከተ፣ የእኔ ብቻ ለሁለት ቀበሌ ይበቃል በይው። መምህርት ሰብለ ግን «ኤርሳዶ፣ ድምፅ ማለት እዚያ ጩኸት አይደለም፤ የደጋፊ ቁጥር ነው» ብላ አረመችኝ። እንግዲህ ምክር ቤት ውስጥ ሰው እጁን አውጥቶ «ድምፅ ሰጠሁ» ይላል አሉ። እጅ ድምፅ ሲሰጥ ማየት እፈልጋለሁ። ለማንኛውም በጂንካና በቀይ አፈር፣ እስከ ወይጦም ድረስ ብስክሌት የሚነዳ ሁሉ ከእኔ ኋላ ነው።

ስሞቹን በዮሲ አፍ ነው የላክሁት፤ በቀጥታ ለአቶ ፈለቀ ይነግረዋል። እርጉዝ ሴት የተጎዳ ሰው ስም ይዛ አትዞርም። ይህ የሊቀመንበሩ ውሳኔ ስለሆነ ክርክር የለበትም።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለአቶ ፈለቀ ግን አትንገሪው፤ ይስቃል። ባለፈው ሳምንት ሳሙና ጭኜ ወደ ወይጦ ስወርድ ጀንበር ልትጠልቅ ነበር። መታጠፊያው ላይ እንደ ወጋችን ደወሌን ሁለት ጊዜ መታሁ። ከታች ሁለት ጊዜ ተመለሰልኝ። ቆምኩ። ማን ይሆን እያልኩ አንድ እግሬን መሬት አስደግፌ ስጠብቅ፣ ባለተሳቢ መኪና መብራቱን አጥፍቶ የእኔን ዳር ይዞ ከታች ወጣ። ነፋሱ ቆቤን ወሰደው። ባልቆም ኖሮ ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው ይጽፍልሽ ነበር፤ ሌላው ሰው ደግሞ እንደ እኔ አይጽፍም።

ካለፈ በኋላ ያዳነኝን ሰው ላመሰግን ወረድኩ። ብስክሌት የለም። ሰውም የለም። እስከ ታች ያለው መንገድ ባዶ ነው። የጸምአይ እረኞች ከታች ፍየል ይጠብቁ ነበርና «ማን አለፈ» ስላቸው፣ «ከመኪናው በቀር ማንም» አሉኝ። ደወሉ ደግሞ አሁን አሁን እንደሚሸጡት አልነበረም። መጀመሪያ ይጮህና መጨረሻው ላይ ያስላል። ሰው ሲያስል እንደምትሰሚው።

ምናልባት ደክሞኝ ይሆናል። ኤርሳዶ ደከመው ብለሽ ለማንም እንዳትነግሪ።

ወንድምሽ


ሐዋሳ፣ ኅዳር 25 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለጋሼ ኤርሳዶ፣

ሆድሽን ጠብቂ ላልከኝ፣ ደህና ነኝ፤ ይራገጣል። ቆብህን ነፋስ ስለወሰደው አዝናለሁ። ዮሲ ስሞቹን ለአቶ ፈለቀ ነግሮታል፤ እኔ «እነማን ናቸው» ስለው ግን ኮፍያውን አዙሮ አድርጎ፣ አውቶቡሱ ሳይሞላ መናኸሪያውን ለቆ ወጣ። ያልሞላ አውቶቡስ ሲያስነሣ አይቼው አላውቅም።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው፤ በቀልድ አትመልስልኝ።

ትላንት ከሥራ ስመለስ አንጁሎ ጋ ደወልኩ። እስከዛሬ «አገልግሎት አይሰጥም» ነበር የሚለኝ። ትላንት ግን ጠራ። ሲጠራ ቆይቶ ተነሣ። «አንጁሎ» አልኩ። ነፋስ ይሰማል። ከነፋሱ ሥር ጭነት እየገፋ ዳገት የሚወጣ ሰው ትንፋሽ አለ፤ ጠጠር ከጎማ ሥር ይንኮሻኮሻል። «ወንድሜ፣ እኔ ነኝ» አልኩት። የብስክሌት ደወል ሁለት ጊዜ ተመታ። ደወልኩ፤ የመለሰልኝም ደወል ነው።

ያ ደወል መጨረሻው ላይ ያስላል፣ ጋሼ። አንተ የጻፍከው ደወል ነው። እኔ ደግሞ ለምን እንደሚያስል አውቃለሁ። ልጅ ሆኜ ጂንካ አውሮፕላን ማረፊያው ሣር ላይ አንጁሎ ብስክሌት ሲያስተምረኝ፣ በድንገት «አውሮፕላን መጣ» ብለው ሲጮኹ ደንግጬ ወደቅኩ። ደወሉ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ተሰነጠቀ። አዲስ ግዛ ሲሉት «እህቴ ያስተካከለችው ድምፅ ነው» እያለ ሳይቀይረው ኖረ።

ሃና ኔትወርክ የለም ብላችሁኝ ነበር። ወይጦ ዳገት ላይ ደግሞ ምን ይሠራል?

ዮዲት


ጂንካ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለያቤጽ፣ ለብቻህ፣

ምን እየሰማች ነው? አንተም ሰምተህ እንደሆነ ንገረኝ። የአንጁሎ ስልክ እኮ ከመኪናው ጎማ ሥር ደቅቆ ነው የተገኘው፤ ስብርባሪውን እኔ በእጄ ለቅሜ በመሐረብ አስሬ አብሬው ቀብሬዋለሁ። ደወሉን ከብስክሌቱ ስብርባሪ ፈትቼ ለእማማ አረጋሽ ሰጠኋት፤ ምሰሶዋ ላይ ሰቅላዋለች። ዛሬ ሄጄ አየሁት፤ አለ። ምላሱ ዝጓል፤ በጣቴ ብገፋውም አልጮኸም። እማማ ግን «አንዳንድ ጠዋት ጭቃ ይዞ አገኘዋለሁ፤ እየጠረግኩ እመልሰዋለሁ» ትላለች፤ ልክ ልጇ ከመንገድ ሲመጣ ጫማውን እንደምትጠርገው አድርጋ።

ለዮዲት የጻፍኩት ከዚህ ጋር አለ። ስታነበው ፊቷን አይተህ ጻፍልኝ።

ኤርሳዶ


በዚያው ቀን

ለእህቴ ለዮዲት፣

በቀልድ አትመልስልኝ ብለሽኛል። ቀልድ ከተከለከልኩ የቀረኝ የእጅ ጽሕፈቴ ብቻ ነው፤ እሱንም አይተሽዋል።

ኔትወርክ አንዳንዴ ይመጣል ይላሉ። ነፋስ ሲነፍስ የሌላ ሰው ስልክ ውስጥ ይገባል ይላሉ። የሰነጠቀ ደወል ብዙ ነው። አንጁሎ ሃና ነው።

ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም፤ ቀለሙ አልቋል።

ኤርሳዶ


ጂንካ፣ ጥር 13 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዮዲት፣

ስለ አንጁሎ ድጋሚ ባለመጠየቅሽ አመሰግናለሁ። ለምን እንዳልጠየቅሽኝ እኔም አልጠይቅሽም።

የፈለግሽውን የጉብኝት ወሬ ላውራልሽ። የምክር ቤት አባላቱ ወይጦ የውሃ ጉድጓድ ሊያዩ ሲመጡ፣ አቶ ፈለቀ መታጠፊያውን አያለሁ ብሎሽ የነበረውን ቃል አክብሮ መኪናዎቹን መታጠፊያው ላይ አስቆመ። እኔ ቀድሜ ደርሼ፣ ብስክሌቴን በሳሙና አጥቤ፣ ክራባት አስሬ ቆሜ ነበር። ክራባቱን የተዋስኩት ከመምህርት ሰብለ ባል ነው። አንድ ስሕተት ሠርቻለሁ፤ ከሰው ከመስማትሽ በፊት ራሴ ልንገርሽ። ሁሉም «የተከበሩ፣ የተከበሩ» እየተባባሉ ሲጠራሩ ሰማሁና የአንድ አባት ልጆች መሰሉኝ። «የተከበሩ የሚባለው አባታችሁ ብዙ ወልዷል» ስላቸው ሳቁ። የተማረ ሰው መሳቅ ይችላል ማለት ነው።

ደንባችንን አስረዳሁ። አቶ ፈለቀ «እስቲ እኔም ልሞክረው» ብሎ ብስክሌቴን ያዘና ደወሉን ሁለት ጊዜ መታ። ሁሉም እየሳቁ ነበር።

ከታች ተመለሰለት። ከነሳሉ።

ሳቁ ቆመ። «ማነው የሚወጣው» አለኝ። «ደንቡ መቆም ነው፣ ጌታዬ» አልኩት። ሾፌሮቹ ሞተር አጠፉ። ከዚያ አንድ ባለተሳቢ መኪና ጥሩንባ ሳይነፋ፣ መታጠፊያውን ቆርጦ፣ እነሱ ሊወርዱበት የነበረውን ዳር ይዞ ወጣ። በቀን ነው፤ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። የመጀመሪያው መኪና ቢወርድ ኖሮ ዛሬ በሐዋሳ ስንት ቤት ለቅሶ ነበር።

አቶ ፈለቀ በእግሩ ወደ ታች ወረደ፤ ተከተልኩት። ሰው የለም። አስፋልቱ ላይ ግን ቀጭን የጎማ መስመር አለ፤ እርጥብ ነው። ዝናብ ካየን ስንት ጊዜያችን። መስመሩ ከታች ይመጣል፣ ይመጣል፣ እኛ ቆመን ከነበረበት ዝቅ ብሎ ያልቃል። ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካው። «ይኸኛው ነው እንዴ፣ ዮሲ ስሙን መጨረሻ ላይ የነገረኝ» አለ።

እኔ ምን እንደመለስኩለት አልጽፍልሽም። ስለ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው።

ኤርሳዶ


ሐዋሳ፣ የካቲት 24 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለጋሼ ኤርሳዶ፣

ይህን የምጽፍልህ ጋደም ብዬ ነው፤ ፊደሌ ቢጣመም ያንተን የመሰለ ዳገት ሆኗል በል። ወንድ ልጅ ተገላግያለሁ። ደህና ነው፤ ሲያለቅስ የሰፈሩን ውሻ ያስነሣል።

መጀመሪያ ደንቡን ልንገርህ። ጸድቋል። በዚያ ቁልቁለት የሚያልፍ ባለሞተር ሁሉ ድምፅ ሳይሰጥና መልስ ሳያዳምጥ መታጠፍ አይፈቀድለትም፤ የመንገዱ ዳር የብስክሌተኛና የእግረኛ ነው። የእናንተው ደንብ ነው፤ የክልል ማኅተም አረፈበት እንጂ።

እንዲሁ በቀላሉ አላለፈም። አንዱ ተነሥቶ «ዛሬ ለብስክሌት ሕግ ካወጣን ነገ ለአህያ ልናወጣ ነው» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ፈለቀ ከኪሱ የብስክሌት ደወል አወጣ፤ አዲስ፣ ከሱቅ የተገዛ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሁለት ጊዜ መታው። ቆሞ ጠበቀ። ያልገባቸውም ሳያውቁት አብረው ጠበቁ። እኔ በሩ ላይ የሻይ ትሪ ይዤ ነበር። ማንኪያዎቹ በብርጭቆዎቹ ውስጥ አንድ ላይ ጮኹ፤ ሁለት ጊዜ። እጄ አልተንቀጠቀጠም፣ ጋሼ። እጄን እያየሁት ነበር። ሰዎቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ እጅ መውጣት ጀመረ። እጅ ድምፅ ሲሰጥ ማየት እፈልጋለሁ ብለህ ነበር፤ እኔ አይቼልሃለሁ። ምጡ በዚያው ማታ ያዘኝ።

አሁን ደግሞ ሽማግሌዎቹን አትላኩ። ተረድቻለሁ።

ደወሉ በስልክ የመለሰልኝ ቀን ነው የተረዳሁት። ያቤጽ ስልኩን ከእጄ ወስዶ ጆሮው ላይ አደረገና ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ተቀመጠ። በሕይወት ያለ ዘመዱን ድምፅ የሰማ ሰው እንደዚያ አይቀመጥም። ምንም አልጠየቅኩትም። አቶ ፈለቀም ከእናንተ ሲመለስ፣ ሻይ ሳቀርብለት ከወንበሩ ብድግ አለልኝ። ለሻይ አቅራቢ የሚነሣ የለም፤ ለሐዘንተኛ ነው የሚነሡት።

ግን ዝም አልኩ። ማወቄን ብነግርህ ሽማግሌ ትልካላችሁ፤ እኔ ከሥራ ቀርቼ ለቅሶ እቀመጣለሁ፤ ማመልከቻውን በየጠረጴዛው የሚከታተል ይጠፋል። ስለዚህ ሃና ነው ስትለኝ ሃና ነው አልኩ። ቀን ቀን ሻይ አቀርብ ነበር፤ ያቤጽ ሲተኛ ብርድ ልብስ ነክሼ አለቅስ ነበር። አንተ ለእኔ ስትደብቅልኝ እኔም ላንተ ደበቅኩልህ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ደንቡ መጽደቁን ለሁሉም ሰው ነግረናል፤ ለአንጁሎ ግን ማንም አልነገረውም። ሂድና ንገረው። ደግሞ ስሙን ለልጄ ማውጣት እፈልጋለሁ። ግን አሁንም እየተጠራበት ከሆነ አልቀማውም። ጠይቅልኝ። አንተ አንደበት አለህ።

እህትህ ዮዲት


ከመታጠፊያው፣ መጋቢት 5 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ጀንበር ስትጠልቅ

ለእህቴ ለዮዲት፣

እንኳን ማርያም ማረችሽ። እኛ ጴንጤዎች እንዲህ አንልም፤ ለደስታው ስል ከጎረቤት ተውሼልሽ ነው። «ጴ»ንም ጻፍኩልሽ፤ ታርቀናል።

ደብዳቤሽን ለእማማ አረጋሽ አነበብኩላት። «ተረድቻለሁ» የምትለው ላይ ስደርስ ደግመህ አንብብ አለችኝ። ደገምኩላት። ከዚያ ተነሥታ ደወሉን ከምሰሶው አወረደችና እጄ ላይ አደረገችው። «ውሰድለት፤ ከእንግዲህ ማመላለሱ ይቅርለት» አለች።

እነሆ መጥቻለሁ። የምጽፈው ኮርቻዬ ላይ አስደግፌ ነው። አዲሱ ምልክት ተተክሏል፤ ሰሌዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩት። አንድም ፊደል አላሳተኝም። ከታች የተሰበሰቡት የጸምአይ እረኞች «ማንን ነው የምታናግረው» አሉኝ። ፍየሎቻቸውን ነድተው ሄዱ። ዮሲ ከወይጦ ሲመለስ አገኘኝና አውቶቡሱን ከእኔ ከፍ ብሎ አቁሞ ይጠብቀኛል፤ ባዶውን ነው። ደብዳቤውን በመስኮት ስጠኝ ብሏል፤ አልወርድም አለ።

በእኔ ደወል ሁለት ጊዜ መታሁ።

ተመለሰልኝ።

እስከዛሬ ሁልጊዜ ከመልሱ ቀጥሎ መኪና ያልፍ ነበር። መኪናው ካለፈ እኛም እንሄዳለን፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠብቅ የለም። ዛሬ ግን መኪና አልመጣም። ደወሉ ድጋሚ ተመታ፤ ከቅድሙ ቀረብ ብሎ። ዮሲ መስኮቱን ዘግቶታል። ትንሽ ከፈት አድርጎ «ኤርሳዶ፣ ና ግባ» ይለኛል። «ሰምተሃል?» ስለው «አልሰማሁም፤ ና ግባ» አለ። ያልሰማ ሰው እንደዚህ አይቸኩልም።

አልገባም። ደንቡን ለመኪና ያስጻፍኩ ሰውዬ ራሴ ልሻረው? መላሽ ካለ ቁም፤ ሰውዬው እስኪደርስ ጠብቅ፤ ሰላም ተባባልና ውረድ። ሰላም መባባሉ ነው ከእሱ ጋር የቀረብኝ። ክራባቱን ዛሬም ተውሼ አስሬው መጥቻለሁ።

አሁን ጠጠሩ ይሰማል። ትንፋሹም ይሰማል፤ ማንጎ የጫነ ሰው ትንፋሽ ነው። አስፋልቱ ላይ ያ እርጥብ መስመር መታጠፊያውን ዞሮ መጥቷል። እስከዛሬ ከሚያልቅበት ቦታ አልፏል፤ ገና እየረዘመ ነው።

የምጠይቀውን አጥንቻለሁ። መጀመሪያ ደንቡ። ቀጥሎ ስሙ። እሺ ካለኝ ለዮሲ እነግረዋለሁ፤ እሱም ጂንካ እማማ ደጅ ሲደርስ ሁለት ጊዜ ጥሩንባ ይነፋል፤ ያን ስትሰማ እማማ ትደውልልሻለች።

አረጀህ ይለኝ ይሆናል። ክራባቴን ሲያይ መሳቁ አይቀርም።

ወረቀቱን ለዮሲ እየሰጠሁ ነው። አንዱ እጄ የእሱን ደወል ይዟል፤ ሁለተኛው ለሰላምታ ስለሚፈለግ እዚህ ላይ አቆምኩ።